የነጭ ለባሹ ወፍ ጎጆ

«ነጭ ለብሳ ያለፈች በወይራው ጥላ ሥር፣
እም… እምም… እም… ልቤን ይዛ እንዳትቀር።»

ዕንባቆም የዚህችን ዘፈን መካከል አያውቀውም። ዱሮ ኮላ ድባ ሠርግ በፎቶ ሊያነሣ ወርዶ፣ አንድ አዝማሪ ከዳሱ ጀርባ ማሲንቆውን እየቃኘ ለራሱ ሲያንጎራጉራት ሰማ፤ «ሙሽሮቹ መጡ» ሲባል ካሜራውን አንግቶ ሮጠ፤ ዘፈኗም ከዳሱ ጀርባ ግማሿ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን በአፍንጫው እየሞላ ይኸው አሥራ አንድ ክረምት ሆነው። አዝማሪው የዘፈነው ስለ ሴት ነበር። ዕንባቆም ግን የሚያንጎራጉራት ለወፍ ነው፤ ያውም ለወንድ ወፍ። ሚስቱ እጅጋየሁ ይህን ስለምታውቅ፣ «ሴት ብትሆን ኖሮ ሄጄ ጸጉሯን እነጭላት ነበር፤ ወፍ ሆኖ ነው የቸገረኝ» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች።

ወፉ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወለቃ ሳይደረስ ባለችው ትንሽ ደብር ደን ውስጥ ክረምት ክረምት ይታያል። ራሱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ከአንገቱ በታች ደግሞ ገና ከሳጥን እንደወጣ ነጠላ ነጭ። ጅራቱ ከገላው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ከጽዱ ወደ ወይራው ሲሻገር ያ ጅራት ዘግይቶ፣ ረስተውት እንደ ሄዱ ሰው፣ ከኋላ ከኋላው ይከተላል። የደብሩ ሰዎች «ነጭ ለባሹ» ይሉታል። ዝናቡ ሲጀምር ይመጣል፤ ጎጆውን ይሠራል፤ ልጆቹን አሳድጎ መስቀል ሳይጠባ ይሄዳል። ዕንባቆም በአሥራ አንድ ክረምት ውስጥ የጅራቱን ጫፍ አንሥቷል፤ ጥላውን አንሥቷል፤ ወፉ ገና አሁን የተነሣበትን የሚወዛወዝ ባዶ ቅርንጫፍ አንሥቷል። ሙሉ ወፉን ከነጎጆው ግን አንድም ቀን አላገኘውም።

ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የዜማ መምህር ነበሩ፤ የልጃቸው ድምፅ ሸጋ ስለ ነበር ወንበሬን ይወርሳል ብለው ተስፋ አድርገውበት ነበር። እሱ ግን በአሥራ አራት ዓመቱ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሾልኮ ገባና፣ በቀይ መብራት ሥር ውሃ ውስጥ ከተነከረ ነጭ ወረቀት ላይ የአንዲት ሙሽራ ዐይን ቀስ ብሎ ሲወጣ አየ። በዚያው ቀረ። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ዝም ነው ያሉት። ያ ዝምታ የልጁ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ይመስል፣ ከዚያ ወዲያ ከዕንባቆም አፍ ዜማ አልወጣም። ዘፈን እንኳ ሲመጣበት በአፍንጫው ነው።

ዛሬ ያ ፎቶ ቤት የራሱ ነው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ እያነሣ «አገጭ ዝቅ፣ ጆሮ ይታይ» ሲል ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ግን ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ አንገረብ ዳር፣ ወይም ወደዚያች ደብር ደን ይሄዳል፤ ሲመቸው በደባርቅ መኪና ተሳፍሮ አሞራዎቹ ወደሚያንዣብቡበት ገደል ይወጣል። አንድ ደብተርም አለው። የወፍ ድምፅ በፊደል አልጻፍ ስላለው፣ አባቱ ባስተማሩት የዜማ ምልክት ነው የሚጽፈው፤ ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ ድፋት፣ ሲሰነጥቅ ጭረት፣ ሲንቀጠቀጥ ርክርክ። የነጭ ለባሹ ድምፅ ብቻ አራት ገጽ ይዟል። ባዳ ሰው ቢገልጠው ቀለም የነካው ጉንዳን የተመላለሰበት ወረቀት ነው የሚመስለው።

ሕሊና ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ፎቶ ቤቱ የገባችው ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነበር። ነርስ ናት፤ የድብ ባሕር ልጅ፤ በጤና ጣቢያ ተመድባ ጎንደር መምጣቷ ነው። ፎቶዋ እስኪደርስ ግድግዳው ላይ ያሉትን ወፎች አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና፣ ይቺ የት ነው ያለችው፣ ይቺን ስንት ሰዓት ጠበቋት እያለች ትጠይቀው ጀመር። ዕንባቆምን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልቡ ቅቤ ሆነ። ወንድሟ አሮጌ ካሜራ ሲልክላት ይዛው መጣች፤ እሱም ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ነጭ ነጠላ ለብሶ ደን እንደማይገባ፣ ወፉን ሳይሆን ወፉ የሚመለስበትን ቅርንጫፍ መጠበቅ እንደሚገባ አስተማራት። «ጋሼ ዕንባቆም» ስትለው ደስ ይለው ነበር።

ደስታው የቆየው ከእሱ የምታንስ እስከ መሰለችው ድረስ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንገረብ ላይ ዓሣ በአፉ የያዘ ወፍ፣ የውሃው ጠብታ ከዓሣው ጅራት ሳይለቅ አነሣች። የከተማው የወፍ ፎቶ አንሺዎች ባላቸው የቴሌግራም ቡድን ላይ ስትለቀው አንዱ ልብ ላከ፣ ሌላው ጭብጨባ ላከ፤ ዕንባቆምም አውራ ጣት ላከ። አውራ ጣቷን ለመላክ ግን አንድ ሰዓት ፈጀበት። ደግሞ በገደሉ ላይ አጥንት ጥሎ የሚሰብረውን አሞራ አነሣች። ደግሞ ሌላ። እሱ አራት ቅዳሜ ተቀምጦ ያጣውን እሷ ከአዳር ሥራ ወጥታ፣ ዐይኗ ቀልቶ፣ በግማሽ ሰዓት ታገኘዋለች። «ዕድለኛ ናት» ይላል ለእጅጋየሁ። «ዕድል ነው እንጂ ዐይን አይደለም።» እጅጋየሁ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ዕድል እንግዲህ በየሳምንቱ የሚመጣ ከሆነ ስሙን ቀይርለት አለችው።

ከዚያ ስሕተቱ መጣ፤ የመሪጌታ ልጅ ብቻ የሚሠራው ስሕተት። በሐምሌ መጨረሻ ሕሊና ፎቶ ቤቱ መጥታ ስለ ነጭ ለባሹ ስትጠይቀው፣ ዕንባቆም ደብተሩን አውጥቶ ሰጣት። ሊረዳት አልነበረም። ስንት ክረምት እንደ ደከመበት አይታ እንድትደነቅ፣ ገልጣም አንዲት ነገር ሳይገባት እንድትመልስለት ነው። ሴት ልጅ የዜማ ምልክት ታነባለች ብሎ ማን ያስባል? «ወስደሽ እዪው፤ አትቸኩዪ» አላት፤ ሲሰጣትም ፈገግ ብሎ ነበር።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን፣ በፍልሰታ፣ ስልኩ ጮኸ። ከፈተው። ነጭ ለባሹ ከነጎጆው ነበር። ጎጆዋ በሸረሪት ድር የታሰረች የቡና ስኒ የምታህል፤ ሦስት አፎች ከውስጧ ተከፍተው፤ ወፉ ጎንበስ ብሎ፤ ጅራቱ ከቅርንጫፉ ወርዶ ከምስሉ እስኪወጣ ድረስ ፈሶ። ዕንባቆም ስልኩን ደፋው። ትንሽ ቆይቶ ገለበጠው። እንደገና ደፋው። ያን ዕለት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እጅጋየሁ ያቀረበችለትን ምሳ ነካ ነካ አድርጎ ተነሣ፤ በማግሥቱም እንዲያው። የሚወደው ሹሮ እንኳ አላማረውም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዘፈን የሚያገኘው፦

«ስኮተኩት ከርሜ እሸቴን ሳጠጣ፣
ቀጥፎ በላው አሉ ትናንትና የመጣ።»

ሕሊና ራሷ ደብተሩን ልትመልስ መጣች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። እንዴት አገኘሽው አላት፤ ድምፁ ደረቅ ነበር።

«ከደብተርዎ ነዋ። እዚያው ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ቀስ አድርጌ አዜምኩለት። በሦስተኛው መጣ።»

«ምልክቱን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም» አለች። «አባቴ እደጅ ወንዶቹን ዜማ ሲያስተምሩ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ጆሮ አይዘጋ ነገር።»

ዕንባቆም ደብተሩን ተቀበላት። ካየችው ወፍ ይልቅ ይህ ነው የበለጠ የከነከነው። አሥራ አንድ ክረምት የጻፈውን ዜማ እሱ አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ ለወፉ ብሎለት አያውቅም። ጻፈው፤ ዘጋው፤ ጠበቀ። እሷ ግን አለችው። ሕሊናም ምንም ሳታውቅ ጎጆው የትኛው ወይራ ላይ እንዳለ ነገረችው፤ ጫጩቶቹ በሳምንት ውስጥ ይበራሉ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሂድ አለችው። ሥራ አለብኝ አላት። ሥራ አልነበረበትም። ከእሷ የበለጠ አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ ጫጩቶቹ ሳይበሩ ማንሣት ነበረበት።

ነሐሴ በገባ በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ሕሊና ሥራ ላይ መሆኗን አረጋግጦ ሄደ። ወይራው ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ነው፤ ጎጆዋም ከሰው ደረት ብዙ ከፍ አትልም። እናቲቱ፣ ቡናማዋ፣ ተቀምጣለች። ዕንባቆም ካሜራውን አቅርቦ ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ። ሕሊና ከምዕራብ በኩል ነው ያነሣችው፤ እሱ ከምሥራቅ፣ ከጠዋቱ ፀሐይ ጋር ሊያነሣው ፈለገ። በዚያ በኩል ግን ሁለት ቅጠላም ቅርንጫፎች ጎጆዋን ጋርደዋል። እጅ ያህል የማይወፍሩ ነገሮች ናቸው። ዙሪያውን አየ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም፤ የደረቀ እንጨት እንኳ ዘበኛው ሳይፈቅድ አይለቀምም። ይህን አባቱ ሳይሆን አየሩ ነው ያስተማረው። ሰንጢውን አወጣ። አንዱን ቆረጠ፤ እናቲቱ ብር ብላ ሄደች። ሌላውንም ቆረጠ።

ብርሃኑ ገባ። ጎጆዋ መድረክ ላይ የወጣች መሰለች። ሲያምር! ዕንባቆም ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እናቲቱ ተመልሳ መጣች፤ ጎጆዋን አይታ ሳታርፍ ዞረች። ነጭ ለባሹ ከሩቅ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። አንድ ሰዓት አለፈ። ክረምት ቢሆንም ያን ቀን ሰማዩ ተከፍቶ ነበር፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እርቃኗን በቀረችው ጎጆ ላይ ወደቀች። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። የምግብ አፍ አልነበረም፤ ማለክለክ ነበር። ከዚያ ከጽዱ ጫፍ ላይ አንድ ቁራ ወርዶ ሦስት ክንድ ያህል ርቆ አረፈ፤ ጎጆዋን በአንድ ዐይኑ አየ፤ ደግሞ በሌላው።

ዕንባቆም ተነሥቶ ሮጠ። ቁራው ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና አረፈ። የቆረጣቸውን ቅርንጫፎች አንሥቶ ሊደግፋቸው ሞከረ፤ ወደቁ። ደግሞ አስደገፈ፤ ነፋስ ጣላቸው። ለዝናቡ ይዞት የመጣውን ጃንጥላ ዘረጋና በጎጆዋ ላይ ያዘ። ጫጩቶቹ ተረጋጉ። ክንዱ ሲደክም ወደ ሌላው አዛወረ። ጃንጥላውን ባነሣ ፀሐይዋና ቁራው አሉ፤ ስለዚህ መሄድ አልቻለም። ከቤተ መቅደሱ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። በጾም ሆድ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት፣ ከሰባት እስከ ስምንት ቆመ። ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው ከደባርቅ በኩል ተንከባሎ መጣና በረዶ ጣለ። ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ጎጆዋን ሸፈነ፤ በረዶው የእሱን ራስና ትከሻ ቀጠቀጠው። እጁ ደንዝዞ የጃንጥላውን እጀታ መያዙን የሚያውቀው በዐይኑ ብቻ ነበር።

በረዶው ሲያባራ እናቲቱ አልመጣችም። የመጣው እሱ ነው። ነጭ ለባሹ ከወይራው ማዶ ተነሥቶ በጃንጥላው ጠርዝ ሥር ገባ፤ ከዕንባቆም ፊት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የጎጆዋን ከንፈር ይዞ ቆመ። በአፉ ትንኝ ይዟል። የዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት ነበረው፤ ዕንባቆም ይህን በአሥራ አንድ ክረምት አያውቅም ነበር። ሦስቱም አፎች ተከፈቱ። አንዱን አጎረሰና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደብተሩ ላይ በሌለ ድምፅ፣ ለልጆቹ ብቻ የሚሆን ነገር አላቸው። ሲዞር እርጥብ ጅራቱ የዕንባቆምን ክንድ ነካ። ካሜራው በጋቢው ተሸፍኖ እግሩ ሥር ነበር። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። ወፉ ሄደ።

የደብሩ ዘበኛ አያ ታከለ ከበረዶው በኋላ ደኑን ሊያዩ ሲዞሩ አገኙት። ሰባ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ሰውየውን ነበር ያዩት፤ ቀጥሎ የተቆረጡትን ቅርንጫፎች። በዱላቸው ገለበጧቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ያች ካሜራ የያዘች ነርስ ናት» አሉ። «ሰሞኑን ከዚህ ዛፍ ሥር አልጠፋ ብላለች። ከእንግዲህ ወዲያ በዚህ በር አትገባም።»

ዕንባቆም ዝም አለ። ዝም ያለው አንድ ትንፋሽ ለማትሞላ ጊዜ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ብዙ ነገር አየ። ሕሊና ከበሩ ውጭ ቆማ፤ እሱ ብቻውን ከወይራው ሥር፤ ወፉ እንደገና መጥቶ፤ እጆቹ ነፃ። ማር ነበር። ምላሱ ላይ ቀመሰው።

«እኔ ነኝ አያ ታከለ» አለ። «ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «የመሪጌታ ልጅ? ምነው?»

«ለፎቶ።»

«ለፎቶ» አሉ አያ ታከለ፤ ቃሉን እንደማያውቁት ነገር ደገሙት። እጃቸውን ዘረጉ፤ ዕንባቆም በአንድ እጁ ጃንጥላውን ይዞ በሌላው ሰንጢውን ሰጣቸው። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። ለንስሓ አባቱ ይነግራል። ለቅዳሴ መምጣት ይችላል፤ ማንም ሰው ከቤተ ክርስቲያን አይከለከልም። ካሜራ ይዞ ግን መስቀል እስኪያልፍ በዚህ በር አይገባም። ዕንባቆም ራሱን ነቀነቀ። መስቀል ሲያልፍ ወፉ እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ።

ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን ሕሊና መጣች፤ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ የሥራ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አያ ታከለ ምንም አላሏትም። ቅርንጫፎቹን አየች፤ የዕንባቆምን እርጥብ ትከሻ አየች፤ ጎጆዋን አየች። እሱም ሳትጠይቀው ነገራት፤ ዐይኗን ሳያይ፣ ካንቺ የበለጠ ላነሣ ብዬ ነው አላት።

ሕሊና ከቦርሳዋ ፋሻ አወጣች። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አንሥታ በነበረበት በኩል አስደገፈችና፣ የተሰበረ ክንድ እንደምታስር አድርጋ ከግንዱ ጋር በፋሻ ጠመጠመችው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ነጩን ፋሻ ቅጠል ወሽቃ ሸፈነችው። ቅጠሉ ለአራት አምስት ቀን አይጠወልግም፤ ለጫጩቶቹ ይበቃል። «አሁን ቀስ አድርገው ያንሡት» አለችው። ዕንባቆም ጃንጥላውን አነሣ። ክንዱ አልታጠፍ አለው። ሦስቱም ወደ ኋላ ራቁ፤ ጥቂት ቆይቶ ቡናማዋ እናት መጥታ በጎጆዋ ላይ ተቀመጠች፤ ቁራውም ሰልችቶት ሄደ።

ዕንባቆም ካሜራውን አንሥቶ ወደ በሩ ሲያመራ አያ ታከለ በዱላቸው መንገዱን ዘጉበት። ከበሩ አጠገብ ባለችው ጎጇቸው ውስጥ ከጸበል ጸዲቁ የተረፈ እንጀራና ሹሮ ትሪ ላይ ተቀምጧል። «ከልክዬሃለሁ» አሉ፤ «ጾመኛ ግን አስርቤ አልሸኝም። ግባ።» ዕንባቆም አልራበኝም አለ። እውነቱን ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ አልራበውም። በሩ ላይ ቆመ። ሕሊና እጇን ታጥባ ገብታ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችው።

«መጣ እንዴ? ጃንጥላውን ይዘው ሳለ?»

«መጣ።»

«ምን ያህል ቀረበ?»

ዕንባቆም በክንዱ ለካላት። የነካውን ቦታ አሳያት። ስለ ዐይኑ ሰማያዊ ቀለበት ነገራት፤ ለጫጩቶቹ ዝቅ አድርጎ ስላለው ድምፅም ነገራት። ድምፁ እንዴት ነው ስትለው መግለጽ አቃተው፤ ስለዚህ አፉን ከፈተና አለው። ሻካራ ነበር፤ መሐሉ ላይም ተሰበረ። አያ ታከለ ማሰሮውን እንደያዙ ዞረው አዩት።

የሕሊና እጅ እንጀራው ላይ ቀረ። «እኔ እኮ ከሃያ እርምጃ ነው ያነሣሁት» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ድምፅ አልሰማሁትም።» ከንፈሯን ነከሰች፤ ዐይኗን ወደ ትሪው መለሰች፤ ደግሞ አንሥታ የወፉ ጅራት የነካውን ክንዱን አየች። ዕንባቆም ያንን አስተያየት አልሳተውም። ሁለት ዓመት ያህል በመስታወት በራሱ ፊት ላይ ሲያየው የኖረ ነው።

ያን ጊዜ ራበው። ሆዱ እስኪሰማ ድረስ ራበው። እጁን ታጠበ፤ ከፊት ለፊቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ አያ ታከለ ባርከው ሲጨርሱ ሹሮው ከወፈረበት በኩል ትልቅ አድርጎ ቆረሰና በላ።